የንጉሡ ጉልበት፦ ዴቪድ ዊልኪ የሣለውና ያልሣለው

በኤድንብራ፣ በሆሊሩድ ቤተ መንግሥት፣ የብሪታንያውን ንጉሥ ጆርጅ አራተኛን ከራስ እስከ እግር የሚያሳይ ግዙፍ የዘይት ቀለም ሥዕል አለ። ቁመቱ 2 ሜትር ከ79 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ንጉሡ የስኮትላንድ ደገኞችን ልብስ ለብሰው ቆመዋል፤ ቀይ የታርታን ጥለት ያለው ሽንሽን ኪልት፣ በትከሻ የሚጣለው ፕላይድ፣ ላባ የተሰካበት ቆብ፣ መሣሪያውም ሳይቀር። የሣለው ዴቪድ ዊልኪ ነው፤ በሥዕሉ ላይ የሰፈረው ዓመት 1829 ነው። (በዚህ ዳሰሳ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሥዕሉን ያየ ሁሉ አንድ ነገር መጠየቁ አይቀርም። ለንደን ተወልደው ለንደን ያደጉ፣ በአባት ሐረጋቸው ከጀርመኑ የሐኖቨር ቤት የሚመዘዙ ንጉሥ ይህን ልብስ እውነት ለብሰውታል ወይስ ያለበሳቸው ሠዓሊው ነው? መልሱ አያሻማም፤ ለብሰውታል። በአደባባይ የለበሱት ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ቀኑ ቅዳሜ ኦገስት 17 ቀን 1822 ነበር፤ ቦታው እዚያው ሆሊሩድ፣ የስኮትላንድ መኳንንትና ታላላቅ ሰዎች እየቀረቡ እጅ በነሡበት ሥነ ሥርዓት ላይ። ከሺህ በላይ ሰው አይቷቸዋል።

በዚህ መልስ ረክቶ የሚያልፍ ሰው ግን ዋናው ነገር ያመልጠዋል። መልበሳቸውማ የሒሳብ ሰነድ ያለው፣ ብዙ ዓይን የመሰከረለት ጉዳይ ነው። የሚያከራክረው ዊልኪ በሸራው ላይ ያሠፈረው ያን ቀን የታዩትን ንጉሥ ነው ወይ የሚለው ነው። እኔ አይደለም ባይ ነኝ። ዊልኪ ስለ ልብሱ መስክሯል፤ ስለ ለባሹ፣ ስለ ቀኑና ስለ ልብሱ ባለቤቶች ግን ዝም ብሏል። ይህን ዝምታ ከሌላ ሠዓሊ ቢሆን በቀላሉ እቀበለው ነበር። ከዊልኪ መቀበል ግን ይከብደኛል፤ ለምን እንደሆነ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ጉብኝቱን እናስታውስ። ጆርጅ አራተኛ ወደ ኤድንብራ ሲመጡ ዙፋን ላይ ያለ ንጉሥ ስኮትላንድን ከረገጠ 170 ዓመት አልፎ ነበር። መርከባቸው ኦገስት 14 ከሊዝ ወደብ ፊት ለፊት መልሕቅ ብትጥልም ዝናቡ አላስወርድ ስላለ የወረዱት በማግስቱ ነው። የአቀባበሉን ሥርዓት ያሰናዳው ደራሲው ዋልተር ስኮት ነበር፤ በደገኞቹ ጉዳይ የሚያማክረው ደግሞ የጦር መኮንኑ ዴቪድ ስቱዋርት። ስኮት የቆላው ስኮትላንድ ሰው ነው፤ ኤድንብራም የቆላ ከተማ ናት። የከተማዋ ነዋሪ ኪልት የለበሰውን ደገኛ ለብዙ ዘመን ያየው እንደ ከብት ዘራፊ ነበር። ስኮት ግን ለነዋሪዎቹ የአለባበስና የአቀባበል መመሪያ የያዘች ትንሽ መጽሐፍ አሳትሞ፣ ለደገኞቹ የጭፈራ ምሽት ዩኒፎርም ከለበሰ በቀር ማንም ወንድ ያለ ደጋ ልብስ እንዳይመጣ አሳሰበ። የአገሪቱ ጥቂቱና ድኻው ክፍል በሁለት ሳምንት ውስጥ የመላው ስኮትላንድ መልክ ሆኖ ቀረበ። የስኮት የልጁ ባል የነበረው ሎክሃርት እንኳ ይህ ነገር እንዳልተዋጠለት በኋላ ጽፏል።

የዚህን ልብስ ያለፈ ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ከዚህም የከበደ ነበር። በ1745 ልዑል ቻርልስ ኤድዋርድ ስቱዋርት የአያታቸውን ዙፋን ለማስመለስ ደገኞቹን አስከትለው ተነሡ፤ ሆሊሩድ ቤተ መንግሥትም ገብተው ሰነበቱ። በሚቀጥለው ዓመት አፕሪል 16 በከሎደን ሜዳ ድል ሆኑ። ድል ያደረጓቸው የከምበርላንዱ መስፍን ናቸው፤ የጆርጅ አራተኛ አባት አጎት። ወዲያው በ1746 ፓርላማው የደጋ ልብስን የሚከለክል ሕግ አወጣ። ወንድ ሆኖ ያን ልብስ ለብሶ የተገኘ ለመጀመሪያ ጊዜ ስድስት ወር ይታሠራል፤ ከደገመ ሰባት ዓመት ባሕር ማዶ ይጋዛል። በንጉሡ ጦር ውስጥ የሚያገለግሉ ወታደሮች ግን ነጻ ነበሩ። ሕጉ የተሻረው በ1782 ነው። ጆርጅ አራተኛ በ1762 ሲወለዱ አንድ የደጋ ገበሬ የአባቱን ልብስ በመልበሱ ሊታሠር ይችል ነበር፤ ሕጉ ሲሻርም ልዑሉ ሃያ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ወጣት ነበሩ።

ታዲያ ያንኑ ልብስ ራሳቸው ለመልበስ ምን አነሣሣቸው? አንዱ ምክንያት ስጋቱ መሞቱ ነው። የስቱዋርቶቹ የመጨረሻ ወራሽ ካርዲናል ሄንሪ በ1807 ሮም አጠገብ ባለችው በፍራስካቲ አርፈዋል፤ ዙፋኑን የሚጠይቅ አልቀረም። ጆርጅም በቫቲካን የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ካኖቫ ለቀረጸላቸው የስቱዋርቶች መታሰቢያ ገንዘብ አዋጥተዋል። የሐኖቨሩ ንጉሥ በሴት ወገን የስቱዋርት ደም አለባቸውና የስኮት ሐሳብ እሱን ማጉላት ነበር፤ ለዚህም ሲባል የተመረጠው ቀዩ፣ ንጉሣዊ ስቱዋርት የሚባለው ጥለት ነው። ድል አድራጊው የድል ተነሺውን ልብስ ለብሶ በድል ተነሺው አዳራሽ ቆመ። እርቅ ነው ያለም አለ፤ ውርስ መንጠቅ ነው ያለም አለ። እኔ ሁለቱም አለበት እላለሁ።

ልብሱን ያቀረበው ጆርጅ ሃንተር የተባለ የኤድንብራ ነጋዴ ነው። የሒሳቡ ዝርዝር ከየትኛውም ሥዕል በላይ ይናገራል፤ 61 ያርድ ሳቲን፣ 31 ያርድ ከፋይ፣ 17 ያርድ ተኩል ካሽሚር፣ ሁሉም በዚያው ንጉሣዊ ጥለት የተሠራ። ሲደመር ወደ 100 ሜትር ጨርቅ ነው። ጎራዴው፣ ጩቤው፣ ሽጉጦቹ፣ የባሩድ ቀንዱና ጌጣጌጡ ሲጨመሩበት ጠቅላላው 1,354 ፓውንድ ከ18 ሺሊንግ ሆነ። በዚያው ዓመት የዌሊንግተኑ መስፍን ለዊልኪ የቼልሲ ጡረተኞች ሥዕል የከፈሉት 1,200 ጊኒ ነው፤ በፓውንድ 1,260 መሆኑ ነው። በለንደን ሕዝቡ የተጋፋለት፣ እንዳይነካ አጥር የተደረገለት የዓመቱ ዝነኛ ሥዕል ከዚህ ከአንድ ቀን ልብስ ያነሰ ዋጋ አወጣ ማለት ነው።

አሁን ወደ ሸራው እንቅረብና ጉልበቱን እንመልከት። ዊልኪ የንጉሡን ጉልበት ባዶ አድርጎ ሥሎታል፤ ከኪልቱ ጫፍ በታች ገላ ይታያል፤ ደገኛ እንደሚለብሰው። ያን ቀን ግን ንጉሡ ከኪልቱ ሥር የሥጋ ቀለም ያለው ጠባብ ሱሪ ለብሰው ነበር። ስድሳ ዓመት የሞላቸው ከአምስት ቀን በፊት ነው፤ ሰውነታቸው እጅግ ገዝፏል፤ እግራቸውም የሚታይ አልነበረም። ኪልቱም አጠረ ተብሎ ታምቷል። በዚያ ላይ የቀድሞው የለንደን ከንቲባ ሰር ዊልያም ከርቲስ፣ እሳቸውም በውፍረታቸው የታወቁ፣ በዚያው ጥለት ኪልት ለብሰው በዚያው አዳራሽ ተገኙ። የለንደን የስላቅ ሥዕል ነጋዴዎች ሁለቱን አንድ ላይ እየሣሉ ሸጧቸው። በዊልኪ ሥዕል ላይ ከርቲስ የለም፣ ሱሪው የለም፣ ውፍረቱም ቢሆን ፕላይዱና ጥላው ሸሽገውታል። የቀዩ ጥለት ድምቀት እንኳ በዳመነ ብርሃን ተለዝቧል። ያን ቀን ዓይን የወጋው ቀይ በሸራው ላይ የጨዋ ቀይ ሆኗል።

የመልክ ሥዕል ሥራው ማሳመር ነው የሚል አንባቢ ይኖራል። ልክ ነው፤ ንጉሥን ለንጉሥ የሚሥል ሰው ኪንታሮቱን አጉልቶ እንዲሥል አንጠብቅም። ከዚህ ሥዕል ጀርባ ያለው ታሪክ ግን ከማሳመር ያልፋል። ጉብኝቱና ሥዕሉ ሰባት ዓመት ይራራቃሉ። ንጉሡ ልብሱን እንደገና ለብሰው ለዊልኪ ሲቆሙ ሕመም ያዳከማቸው፣ ያበጡ ሽማግሌ ነበሩ። ዊልኪ ራሱ እንደተናገረው እሳቸውን አጥብቆ አሥሮ፣ ጠቅልሎ ለማልበስ ሰዓታት ይፈጅ ነበር። ሥዕሉ በ1830 በሮያል አካዳሚ ለሕዝብ ታየ፤ በዚያው ዓመት ጁን 26 ንጉሡ አረፉ። ስለዚህ በሸራው ላይ የቆሙት ንጉሥ በ1822 ሆሊሩድ የታዩት አይደሉም፤ በ1829 በሠዓሊው ፊት የቆሙትም አይደሉም። በየትኛውም ቀን፣ በየትኛውም አዳራሽ ያልነበሩ፣ ጤነኛና ቆፍጣና የስኮትላንድ ንጉሥ ናቸው። ሁለተኛውን ቀን፣ ያን የመታሠርና የመጠቅለል ሰዓት፣ ዊልኪ በዓይኑ አይቶታል። እኔ የዚያን ቀን ሥዕል ማየት እመኛለሁ።

«ባህላዊ» ስለሚባለው ነገር ደግሞ ፍርድ ከመስጠታችን በፊት መጠንቀቅ ይገባል። ታሪክ ጸሐፊው ሂው ትሬቨር-ሮፐር በ1983 የባህል ፈጠራን በሚመለከት መድበል ውስጥ ባወጡት ጥናት፣ ዛሬ የምናውቀው አጭር ኪልት ቶማስ ሮውሊንሰን የተባለ እንግሊዛዊ የብረት ማቅለጫ ባለቤት በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያመጣው ነው ብለው ተከራክረዋል። ጥናቱ ዝነኛ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ታርታን የሚጽፍ ሁሉ ወይ ይደግፈዋል ወይ ይሟገተዋል። እኔ ከሚሟገቱት ወገን ነኝ። የጥለቱ ጨርቅ ጥንታዊ ነው፤ በ1538 ለንጉሥ ጄምስ አምስተኛ የደጋ ታርታን መገዛቱ በግምጃ ቤቱ መዝገብ ላይ ተጽፏል። በወገብ ታጥቀው፣ ትርፉን በትከሻ ጥለው፣ ማታ የሚለብሱት ረጅሙ ፕላይድም ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ ምስክር አለው። አዲሱ ነገር እያንዳንዱ ጎሣ የራሱ የተወሰነ ጥለት አለው የሚለው ነው። የለንደን ሃይላንድ ማኅበር በ1815 የጎሣ አለቆችን ጥለታችሁን ላኩ ሲላቸው፣ አንዳንዶቹ የራሳቸው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ሰው መጠየቅ ነበረባቸው። በ1822 ደግሞ የባኖክበርን ሸማኔዎች፣ ዊልሰኖች፣ ትእዛዙ አላደርስ ብሏቸው ነበር።

እንግዲህ ንጉሡ የለበሱት ባህላዊ ነው አይደለም? ቅርጹ የደጋ ነው፤ ጨርቁ አይደለም። ደገኛው የለበሰው በጎቹ የሰጡትን ሱፍ፣ ዝናብ የሚችል፣ ሌሊት ብርድ ልብስ የሚሆን ነበር። ሳቲንና ከፋይ ለብሶ በተራራ ዝናብ የሚያድር እረኛ የለም። ዊልኪ ጨርቁን ሲሥል ግን ይህን ልዩነት አልሸሸገም፤ ለዚህ አመሰግነዋለሁ። ጨርቁ የሀብታም ጨርቅ መሆኑ በሸራው ላይ ይታወቃል። በስፔን ሰንብቶ የቬላስኬዝን ሥራዎች አጥንቶ ከተመለሰ ብዙ አልቆየም ነበርና የዚያ ትምህርት በቀለሙ ላይ አለ፤ ሰፊ ብሩሽ፣ ጥልቅ ጥላ፣ ሞቅ ያለ ቡናማ። ስለ ሙያው ከሆነ ሥዕሉ የዋዛ አይደለም።

ከላይ ያቆየሁት ነገር ይህ ነው። ዊልኪ በ1785 በፋይፍ አውራጃ ከአንድ ቄስ ቤት የተወለደ፣ የገጠሩን ሰው በመሣል ስሙን ያስጠራ ሠዓሊ ነው። በ1815 ለኪራይ ዕዳ የጭሰኛ ንብረት ሲያዝ የሚያሳይ ሥዕል ሠርቷል። አባወራው ግንባሩን በእጁ ደግፎ ጠረጴዛ ጋ ተቀምጧል፤ ሚስቱ ራሷን ልትስት ነው፤ የፍርድ ቤቱ ሰው አልጋቸው ላይ ተቀምጦ ዕቃ ያስቆጥራል፤ ጎረቤቶቹ በቁጣ ይጮኻሉ። በዚያች አንዲት ክፍል ውስጥ የሕግ ጉልበትና የሰው ውርደት አብረው ተሥለዋል። በ1822 የቼልሲ ጡረተኞች ሥዕሉ ላይ ደግሞ የዋተርሎን የድል ወሬ ከሚሰሙት ተራ ሰዎች መካከል የደጋ ወታደር አለ፤ ጌጥ ያልበዛበት፣ በሰው መካከል ያለ ሰው። ጭሰኛውን እንዲህ ያየ ዓይን፣ ደገኛውን እንዲህ ያወቀ እጅ፣ በ1829 ንጉሡን ሲሥል የደጋውን ልብስ ከደጋው ሰው ነጥሎ ሠቀለው።

ያን ጊዜ የደጋው ሰው ምን ላይ ነበር? በሰዘርላንድ፣ በስትራትኔቨር ሸለቆ፣ በ1814 እና በ1819 ጭሰኞች መሬታቸው ለበግ እርባታ ስለተፈለገ ከቤታቸው ተባረዋል፤ ጎጆዎች ተቃጥለዋል። የመሬቱ ወኪል ፓትሪክ ሴላር በ1816 ኢንቨርነስ ላይ ተከሶ ቀርቦ በነጻ ተለቀቀ። ከዚያው ከሰዘርላንድ ይዞታ የተላኩ ሰዎች በ1822 ኤድንብራ ላይ በንጉሡ ፊት በኪልት ተሰለፉ። የግሌንጋሪው አለቃ ማክዶኔል ከሁሉም በላይ ስለ እውነተኛ ደገኝነት ሲጮኹ፣ የኤድንብራውን የኬልቲክ ማኅበር ሰዎች አስመሳይ እያሉ ሲከሱ ከረሙ፤ እሳቸው ግን የራሳቸውን ጭሰኞች ከመሬት ያስለቅቁ ነበር። እነዚህ ሁለት ነገሮች በአንድ ዘመን፣ በአንድ ሰው እጅ ሲደረጉ ነው የንጉሡ ኪልት የተሰፋው። ሥዕሉ በዚህ ላይ ቃል የለውም።

ዊልኪ የጉብኝቱን ሌላ ሥዕልም ሠርቷል፤ ንጉሡ ሆሊሩድ ሲገቡ። በ1822 ጀምሮት በ1830 ነው የጨረሰው። እዚያ ላይ ንጉሡ በወታደር ዩኒፎርም ናቸው፤ ዙሪያቸውን ሕዝብ አለ፣ ግርግር አለ። ለእኔ ያኛው ይበልጣል፤ ዊልኪ ሰው በሰው ውስጥ ሲሥል ነው የሚያምርበት። ብቻቸውን የቆሙት የኪልቱ ንጉሥ የሚያነጋግሩት፣ የሚመለከታቸው ሰው በሸራው ላይ የለም፤ ቅዝቃዜው ከዚህ ይመስለኛል።

የሆነ ሆኖ ሥዕሉ ሥራውን ሠርቷል። ንግሥት ቪክቶሪያና ልዑል አልበርት ባልሞራልን በ1848 ተከራይተው በ1852 ገዙት፤ ምንጣፉና መጋረጃው ሳይቀር ታርታን ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ የብሪታንያ ነገሥታት ስኮትላንድ ሲሄዱ ኪልት መልበሳቸው ልማድ ሆኖ ቀረ። የዛሬው ንጉሥ ቻርልስም ይለብሳሉ። የአንድ ቀን ልብስ የሁለት መቶ ዓመት ወግ ሲሆን ንጉሥን ባዶ ጉልበት አድርጎ ያሳየ ይህን የመሰለ ሥዕል ድርሻ የለውም ማለት አይቻልም።

ኤድንብራ የሚሄድ አንባቢ ካለ አንድ ነገር ልለምነው። ሆሊሩድን ብቻ አይቶ አይመለስ። ከዚያ በእግር ግማሽ ሰዓት በማይሞላ መንገድ የስኮትላንድ ብሔራዊ ጋለሪ አለ፤ የዊልኪ የጭሰኛው ሥዕል እዚያ ነው፣ ሬይበርን በ1812 ገደማ የሣላቸው የግሌንጋሪው አለቃም እዚያው ናቸው፣ ከእግር እስከ ራሳቸው በታርታን። ሦስቱን በአንድ ቀን ይያቸው። የቤተ መንግሥቱን ስብስብ የሚጠብቁት ሰዎች ደግሞ ከንጉሡ ሥዕል አጠገብ የሃንተርን የሒሳብ ዝርዝርና የ1746ቱን ሕግ ቅጂ ቢያኖሩ፣ ጎብኚው ልብሱን ከነታሪኩ ያየዋል።